የእሑድ ሰላምታ

ሰው ሲደክመው ይተኛል ይላሉ፤ ይበሉ። ሰገን ሌሊቱን ሙሉ ድንገተኛ ክፍል ቆማ አድራ፣ ጠዋት ካዛንቺስ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እንኳን በቅጡ ሳታወልቅ ነው አልጋው ላይ የወደቀችው፤ ይኸው ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ መጋረጃው በብርሃን ነዶ፣ እንቅልፍ ግን በዓይኗ አልዞር ብሏል። ጎኗን ትቀይራለች፣ ትራሱን ትገለብጣለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ጨፍናም ግቢውን ታያለች። ግርማይ ውጭ ነው። ከቅዳሴ ተመልሶ እትዬ ገበያነሽ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው። እትዬ ገበያነሽ አከራያቸው ናቸው፤ ከአከራይነቱ ይልቅ እናትነቱ ይቀናቸዋልና "አንተ ልጅ፣ ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው እንጂ፣ ይኼ ንፋስ ይጥልሃል" ይሉታል፣ እሱ ይስቃል። ሳቁ ያው የባሏ ሳቅ ነው፣ ሰውነቱ ነው የሌላ ሰው የሆነው። ከባምቢስ መንገድ በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ ከፈረሰው ሰፈር በኩል ደግሞ ሰንበት የማያውቅ ማሽን ያጓራል። አሁን ተነስታ ትነግረዋለች። በቃ፣ አሁን። ነገ ግርማይ ሆስፒታል ገብቶ ሆዱ ይከፈታል፤ አባቱ መሞታቸውን ሳያውቅ መከፈት የለበትም። ይህን ለራሷ የነገረችው ገና ታክሲ ውስጥ ሆና ነው፤ ግን ይኸው እስካሁን ከአልጋው አልተነሳችም።

አቦይ አረጋዊ፣ የግርማይ አባት፣ አዲግራት ናቸው። ናቸው ትላለች ደግሞ! እሷም ለመደችው። ከጥምቀት ማግስት በተኙበት አረፉ፤ አረፉ አይባልም፣ ሞቱ። ሃድጉ፣ ታናሽየው፣ ያን ቀን ለወንድሙ አልደወለም፣ ለእሷ ነው የደወለው፣ ሥራ ቦታ፣ በሽተኛ አጠገብ ቆማ። "ሰገንዬ፣ ብቻሽን ነሽ?" ሲላት ገባት። ወጥታ የአምቡላንስ ማቆሚያው ጋ ግንብ ተደግፋ እያለች ነው የሰማችው፤ ልታለቅስ አፏን ስትከፍት አንድ ሾፌር መጥቶ "ዶክተር፣ ይኼን ሰውዬ የት ላስገባው?" አላት፣ አስገባችው። ከቀብር መልስ የአገር ሽማግሌ ተቀምጦ መከረ፤ ልጁ ኬሞ ላይ ነው፣ ደሙ ወርዷል፣ አሁን ቢሰማ ይወድቅብናል፣ ሲበረታ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ እናረዳዋለን አሉ። እሺ አለች። ምን ታድርግ? አገሯ ሆና ቢሆን እናቶቹ መሀል ተቀምጣ ደረቷን ትደቃ ነበር፤ እዚህ ግን ጥቁር እንኳን አልለበሰችም፣ ቤት ስትገባ "ዛሬ እንዴት ዋልሽ?" ሲላት "ሰላም ነው፣ ብቻ ሰው በዝቶ ነበር" ብላ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሽንኩርቱ በጀ።

ውሸቱን ያቀለለው የሽማግሌው ጆሮ ነው። አቦይ አረጋዊ ከደነቆሩ ቆይተዋል፤ ስልክ ቢሰጧቸው "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ማን ልበል?" ብለው ተናደው ይመልሱታል እንጂ አይሰሙም። ስለዚህ ድሮም ግርማይ እሑድ እሑድ ሲደውል መሀል ላይ ያለው ሃድጉ ነበር። "አባዬ እንዴት ነው?" ይላል ግርማይ፤ ሃድጉ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ይጮሃል፤ "ደህና ነኝ በለው፣ ይብላ በለው፣ እህሉን አይጥላ በለው ይላል" ብሎ ይመልስለታል። ታዲያ ሰውዬው ሲሞቱ ሃድጉ ምን ቸገረው? ጩኸቱን ብቻ ተወው እንጂ ሰላምታውን ቀጠለ። አባዬ ሰላም ብሎሃል፣ አባዬ በጓ ወለደች ብሏል፣ አባዬ ጉንፋን ይዞታል፣ አባዬ ጠበል ሄዷል። ለፋሲካ አባዬ እንኳን አደረሰህ ብሎሃል አለው። ሰገን አጠገቡ ተቀምጣ ዶሮ እየበለተች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች። ግቢው ውስጥ ዞር ዞር አለች፣ እትዬ ገበያነሽ "ምነው የኔ ልጅ?" አሏት፣ "ጭሱ ነው" አለች፣ ጭስ የሚባል ነገር አልነበረም። አይ ሰገን! ከሞተ ሰው የመጣ ሰላምታ አብራ ተቀብላ "እግዜር ያክብራቸው" እስከማለት ደረሰች።

እሷ ደግሞ፣ እሷ እኮ፣ ሥራዋ ይኸው ሞት መንገር ነው። የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት ናት፣ ስፔሻሊቲ ልትማር ከአገሯ ወጥታ አዲስ አበባ የመጣችው ለዚህ ነው፤ ዶክተር ታዲዎስ፣ አለቃቸው፣ ገና በመጀመሪያው ሰሞን ሰብስበው "አርፏል አትበሉ፣ ደክሟል አትበሉ፣ ሞቷል በሉ" ብለዋቸዋል። "ሰው አርፏል ስትሉት መቼ ይነሳል ብሎ ይጠይቃችኋል። ተቀመጡ፣ በስሙ ጥሩት፣ ቃሉን በሉ፣ ከዚያ ዝም በሉ።" ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። ትናንት ሌሊት አንዲት ሴት፣ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ባሏን በላዳ ጭና የመጣች፣ ነጠላዋ በደም ተነክሮ... ሰገን ደረቱን ስትጫን እጇ ዝሎ፣ ባልደረባዋ ፍሬሰላም ተቀብላት፣ እንደገና እሷ ተቀብላ፣ አልተመለሰም። ወጣች፣ ሴትየዋን አስቀመጠች፣ በስሟ ጠራቻት፣ "ባለቤትሽ ሞቷል" አለቻት፣ ዝም አለች። ሴትየዋ መሬት ላይ ወደቀች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ የማን አስታማሚ እንደሆኑ እንጃ፣ ክርናቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው "ልጄ" አሏት፣ "በውድቅት፣ ብቻዋን፣ ወገቧን የሚይዛት ሰው ሳይኖር? አገር የላችሁም እናንተ?" አሏት። ሰገን ሴትየዋን ወገቧን ይዛ አነሳቻት፣ ከዚያም ቀይ የተለጠፈበት፣ ፋታ የማይሰጥ ሌላ በሽተኛ ገባና ሄደች። አገር የላችሁም እናንተ! ቃሉ እስከ ካዛንቺስ አብሯት መጣ። አለን እንጂ አባቴ፣ አለን፣ አገር ስላለኝማ ነው ለማላውቀው ሰው የምናገረውን ለባሌ መናገር ያቃተኝ።

እሷስ ሞት ሲደበቅባት አላየችውም? አይታዋለች! በጦርነቱ መስመሩ የተቋረጠ ጊዜ፣ አገሯ ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ እሷ እዚህ እየሠራች ስልኩን በየሰዓቱ ትሞክራለች፣ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ይላታል፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትሞክራለች። የተከፈተ ቀን እህቷ አነሳች፤ እናቴስ ስትላት ጠበል ናት አለቻት። ጠበል! ሰገን ለእናቷ መነጽር ገዛች፣ ሹራብ ገዛች፣ የምትልክበት ሰው ፈለገች፣ በየቀኑ "ከጠበል አልተመለሰችም?" አለች፣ እህቷ "ትንሽ ትቆይ፣ ተሽሏታል" አለቻት። ከዚያ አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ፤ ስትከፍት የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የሰፈሩ ሰው፣ ፍሬሰላም ሳትቀር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሻይ አብራቸው ስትጠጣ ያውቁ ነበር፣ ሹራቡን ስታሳያቸው "ያምራል፣ ይሞቃታል" ሲሉ ያውቁ ነበር። ከለቅሶው ይልቅ ያ ነው ያንገበገባት፤ ያን ጊዜ እየጮኸች ተናግራለች፣ ማንንም እንዲህ አላደርግም ብላለች። ግርማይ ነበር ያቀፋት። "እውነትሽን ነው፣ አንቺን እንዲህ ማድረግ አልነበረባቸውም" ያላት እሱ ነው፤ ታዲያ ይህን ያለ ሰው ነው ዛሬ ደጅ ላይ ተቀምጦ እሷን የሚያምናት።

ጥፋቷ ይቺ ብቻ አይደለችም። ግርማይ ሆዴን አለ ዓመት ሙሉ። ምግብ አይስማማኝም፣ እዚህ ጋ ይይዘኛል አለ፤ ጨጓራ ነው አለችው፣ በርበሬ ቀንስ አለችው፣ ኪኒን ሰጠችው፣ ወደ ተረኛ ሥራዋ ሮጠች። የሰው ባል ሲገባ በአንድ እይታ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ እያለች የምትለጥፍ ሐኪም የራሷን ባል አረንጓዴ ለጥፋበት ወረፋ አስጠበቀችው። እሱ የፊዚክስ መምህር ነው፣ ሐኪም አገባሁ ብሎ ያምናታል፣ ሐኪም ሚስቴ ጨጓራ ነው ብላኛለች እያለ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እርጎ ይጠጣል። ካንሰር መሆኑ ሲነገረው እንኳን ቀድሞ ያየው የእሷን ፊት ነው፤ "አይዞሽ" አላት። እሱ ለእሷ! ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ አርብ ዕለት ኮሪደር ላይ፣ የሥራ ባልደረባ ናትና ሳይሸፋፍን፣ "ከፍተን እናየዋለን፣ ከተዛመተ መልሰን እንዘጋዋለን፤ ደሙም ልቡም ደካማ ነው ሰገን፣ እወቂው" አላት። አወቀችው። ለግርማይ "ጥሩ ነው ብሏል" አለችው።

ስልኳ ጠራ። ትራሱ ስር አፍና አየችው፤ ሃድጉ ነው።

"ተኝተሽ ነው?"

"ተኝቼ ቢሆን አነሳው ነበር?"

"ሰገን፣ ተቸገርኩ" አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፣ ከኋላው ሰው አለ። "ትናንት ደውሎ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ነገ አባዬን ራሱን አቅርብልኝ፣ እኔን ባይሰማኝም ግድ የለም፣ የሱን ድምፅ ልስማ፣ በራሱ አፍ ይመርቀኝና ልግባ አለኝ። እሺ አልኩት።"

"እሺ አልከው?"

"ምን ልበለው ታዲያ? ጉንፋን አልኩ፣ ጠበል አልኩ፣ የእህቱ ልጅ ሠርግ ሄዷል አልኩ፤ በቃ አለቀብኝ እኮ! አሁን አቦይ ገብረዋህድ እዚህ ተቀምጠዋል።"

አቦይ ገብረዋህድ የአቦይ አረጋዊ ጎረቤት ናቸው፣ የልጅነት ባልንጀራቸው፣ አስከሬናቸውን ያጠቡትም እሳቸው ናቸው። ሰገን ተነስታ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"እና?"

"እና ድምፃቸው ያው የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ በስልክ አይለይም። ይመርቁት ብለን..."

"ብለን? ስንት ሆናችሁ ነው ብለን የምትለኝ? አይሆንም ሃድጉ። እኔ እነግረዋለሁ። አሁን ወጥቼ እነግረዋለሁ።"

"ከዚያስ? ሲያለቅስ አድሮ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ነገ በየት ጉልበቱ ይገባል? አንቺ ሐኪም ነሽ፣ አንቺው ንገሪኝ።"

"ባይነሳስ?" አለች። ለማንም ያላለችውን ነው ያለችው፣ አፏን ይዛ ደገመችው። "ባይነሳስ ሃድጉ? አባቱን ሳያለቅስ?"

ሃድጉ እንደ ልጅ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ "ባይነሳማ እዚያው ይገናኛሉ" አለ።

ስልኩን ዘጋችው። ፊቷን ልትታጠብ ተነሳች፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁለት እጇን ነክራ ቆመች፤ ተቀመጪ፣ በስሙ ጥሪው፣ ቃሉን በይ፣ ዝም በይ። አባትህ ሞተዋል። አባትህ ከጥምቀት ማግስት ሞተዋል፣ እኔም አውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር የሚለውን ዶክተር ታዲዎስ አላስተማሯትም፤ ያን የት ላይ ይሰኩታል? መጨረሻ ላይ? ዝም ከተባለ በኋላ?

በሩ ተከፈተና ግርማይ ገባ። ጋቢው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጠበል የያዘች የላስቲክ ጠርሙስ በአንድ እጁ፣ ስልኩ በሌላ እጁ ነው፣ ዓይኑ ያበራል። "ተነሥተሻል? ጎሽ፣ ነይ ነይ፣ አባዬ ሊያናግረኝ ነው፣ ራሱ!" አላት። "ግርማይ፣ ቆይ" ማለት ፈልጋ ነበር፤ እሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶታል። ይጠራል። ሃድጉ አነሳ፣ እንደ ወትሮው ሰላምታ አዥጎደጎደ፣ "በል ይኸው፣ ጠጋ ብሎልሃል" አለ። የአንድ ሽማግሌ ትንፋሽ ይሰማል። ሰገን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ስልኩን ቀምታ ትጥለዋለች፣ እየጣለችው ነው፣ እጇ ግን እዚያው ቀሚሷ ላይ ነው።

"ልጄ" አሉ አቦይ ገብረዋህድ። "ልጄ ግርማይ። ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም። የሐኪሞቹን እጅ ይባርክልህ። ገብቶ ከመቅረት ይሰውርህ። ልጅ አቅፈህ ሳም፣ ሸምግል፣ እኔን ቅበረኝ እንጂ..." እዚህ ላይ ድምፃቸው ታነቀ። ሽማግሌው ማልቀስ ጀመሩ። የባልንጀራቸው ሞት ይሁን፣ በሰው ልጅ ላይ የሚዋሹት ውሸት ይሁን፣ እግዜር ይወቀው፣ ብቻ ተንሰቀሰቁ፣ ሃድጉም "በቃዎት፣ በቃዎት" ሲል ይሰማል። ግርማይ ጉንጩ ላይ እንባው እየወረደ "አሜን፣ አሜን አባዬ፣ አሜን" ይላል፣ አይሰማኝም ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮሃል፣ "አሜን!" እትዬ ገበያነሽ ከደጅ ሆነው ምን እንደሆነ ሳያውቁ "አሜን" አሉ። መስመሩ ተዘጋ።

አሁን ነው። ከዚህ በኋላ ጊዜ የለም። ሰገን አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ያዘች፣ አጥንት ብቻ ነው፣ የኬሞው መርፌ ያጠቆረው ጅማት በአውራ ጣቷ ስር ይሄዳል። "ግርማይ" አለች። "የምነግርህ ነገር አለ።"

"እኔም አለኝ" አላት። "እኔ ልቅደም፣ በሞቴ።"

"የኔ ይቅደም።"

"አይ፣ ይኼ ሳይጠፋብኝ።" ጋቢውን ሰብስቦ ወደ እሷ ዞረ። "ሰማሽው አይደል? አባዬ አለቀሰ እኮ! እናቴ ስትሞት አላለቀሰም፣ ያ ሁሉ መዓት ሲወርድብን አላለቀሰም፤ በሕይወቴ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም። በቃ አርጅቷል ሰገን፣ አልቋል። እና አሁን እዚያ ጋ ሲያለቅስ ምን አሰብኩ፣ ማለቴ፣ አትቆጪኝ፣ ነገ ከዚያ ጠረጴዛ ባልነሳ..."

"ግርማይ!"

"ቆይ አስጨርሽኝ። ባልነሳ ለአባዬ እንዳትነግሩት። አይችለውም። ሃድጉ እንደሆነ ያውቅበታል፣ ድሮም እሱ ነው የሚያገናኘን፤ እሑድ እሑድ ስልኩን ጆሮው ላይ ያድርግና ግርማይ ሰላም ብሎሃል፣ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ይበለው። አይሰማ፣ አይጠይቅ፣ ማን ይነግረዋል? እናትሽ ጊዜ ምን እንዳልኩሽ አልረሳሁም፣ መደበቅ ግፍ ነው ብያለሁ። ግን ለሱ ይሁንለት። ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ ልጁ በሕይወት እንዳለ እያሰበ ይሂድ። ሃድጉን አንቺ ንገሪው፣ እኔ እንዲህ ብለው ያለቅስብኛል።"

ሰገን አፏን ከፈተች። ቃሉ እዚያው ነበር፣ ምላሷ ላይ፣ አጭር ቃል ነው፣ ለስንት ሰው ብላዋለች። የግርማይ ዓይን ዓይኗ ላይ ነው። ከታመመ ጀምሮ አንድም ነገር ለምኗት አያውቅም፣ ውሃ እንኳን ራሱ ተነስቶ ነው የሚቀዳው፤ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"እሺ" አለችው።

"እሺ አይበቃኝም። አረጋዊ ይሙት በይ።"

ሰው እንዲህ ሲያስምል ኖሯል፣ እሷም ስትምል ኖራለች፣ ቀላል ነገር ነው።

"በይ እንጂ። በአባዬ ካልማልሽልኝ ነገ ልቤ አርፎ አልገባም።"

"አረጋዊ ይሙት" አለች ሰገን። "አልነግራቸውም።"

ግርማይ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ትራሱን አስተካክሎ ጀርባውን አሳረፈ፣ ፊቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈታ አለ፣ እጇን ግን አለቀቀም።

"በይ አሁን ያንቺን ንገሪኝ" አላት።

"ነገ በጠዋት መነሳት አለብን ልልህ ነበር" አለችው።